ግማሽ ዕድል፣ ግማሽ ጭንቅላት

ጨዋታ የልጆች ነገር ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ወይ ተጫውተው አያውቁም፣ ወይ ተሸንፈው አያውቁም። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ፣ ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እምቢ ባለበት፣ ሐኪሜ ጨውም ስኳርም በከለከለኝ ጊዜ፣ ስለ ጨዋታ አሠራር የተጻፈ መጽሐፍ እጄ ከገባ ሳልጨርሰው አላስቀምጥም። መሳቅ ትችላላችሁ። በምኖርበት ብርዳም አገር ጨዋታ መፍጠርን እንደ ድልድይ ሥራ ቁም ነገር ብለው የያዙ፣ በሱም ቤት ሠርተው ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። ለብዙ ዓመት በሠራሁበት ቤተ መጻሕፍት የነሱ መጻሕፍት አንድ ሙሉ መደርደሪያ ይዘው ነበር። አቧራቸውን የምጠርገው እኔ ስለነበርኩ ማንበቡም ለእኔ ደረሰኝ።

የሰዎቹ ጭቅጭቅ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው። በጨዋታ ውስጥ ዕድል ምን ያህል ይግባ፣ ችሎታስ ምን ያህል? አንድ ድስት ላይ ቆመው ስለ ጨው የሚከራከሩ ሁለት ምራቶች ይመስላሉ። ዕድሉ ከበዛ ብልሁ ይሰለቻል፤ ችሎታው ከበዛ ደካማው ጥሎ ይሄዳል፤ ሁለቱም ከገበታው እንዳይነሡ መጠኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን እየገለባበጡ ሦስት መቶ ገጽ ይሞላሉ። ሥዕልም አለው።

ከነዚያ ሁሉ ሊቃውንት አንዱም ጽፎት ያላየሁትን ነገር ልንገራችሁ። ዕድል ጨዋታ ውስጥ የሚገባው ለማጣፈጫ አይደለም። ለተሸናፊው ተብሎ ነው። በዳማ የተሸነፈ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጠጠሮቹ ሁሉ ዓይኑ ሥር ነበሩ፣ የተደበቀ ነገር አልነበረም፣ ስለዚህ ከተቀመጠበት ሲነሣ የሚያመካኝበት አጥቶ ጋቢውን ሁለት ሦስት ጊዜ ያስተካክላል። በካርታ የተሸነፈውን ደግሞ እዩት። ዛሬ ካርታው አልመጣልኝም ይልና እየቀለደ ቤቱ ይገባል፣ ራቱንም በደንብ ይበላል። ዕድል ለተሸናፊ የምትቀርብ በርጩማ ናት። አሸናፊው አያስፈልጋትም፤ እሱ ያሸነፈው በችሎታው ነው። ሁልጊዜ በችሎታው ነው። ካላመናችሁኝ ያሸነፈ ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ።

ሩቅ አትሂዱ፤ እኔን ጠይቁኝ።

ጣሊያን በወጣ ማግስት የተወለድን ልጆች ስምንተኛ ክፍል በደረስን ጊዜ፣ አባቴ የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ በተዛወረበት በሀገረ ሕይወት እንኖር ነበር። ሀገረ ሕይወት የምትባለው በማኅተምና በደብዳቤ ላይ ነበር፤ በሰው አፍ ላይ ያኔም አምቦ ነበረች። የሒሳብ አስተማሪያችን መምህር ደጀኔ ይባላሉ፤ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። ያኔ አንቱ እያልኩ የምፈራቸው ትልቅ ሰው ነበሩ። አሁን ሳሰላው ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላቸው፣ አንገታቸው ከሸሚዛቸው የቀጠነ ልጅ ነበሩ። ሌሎቹ አስተማሪዎች ከሥራ በኋላ ፍል ውሃው ሲወርዱ፣ እሳቸው ባዶ ክፍል ውስጥ ቀርተው ጨዋታ ይፈጥሩ ነበር።

ጨዋታቸውን የሣሉት አሮጌ አቡጀዲ ላይ ነው። ከአምቦ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ነበር፤ ጊንጪ፣ አዲስ ዓለም፣ ሆለታ፣ መናገሻ፣ መጨረሻው አዲስ አበባ። በከተሞቹ መካከል ትናንሽ ክቦች አሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ የጠርሙስ ቆርኪ ይይዛል፤ ቆርኪ በእኛ ከተማ ከጠጠር ይልቅ በቀላሉ ይገኝ ነበር። አምስት ዛጎል ይጣልና አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው የወደቁት ይቆጠራሉ፤ ቆርኪው በዚያው ልክ ይራመዳል። ቀድሞ አዲስ አበባ የገባ አሸነፈ።

መጀመሪያ ጨዋታው ይኸው ብቻ ነበር። ልጆቹ አበዱለት። የክፍሉ መጨረሻ የክፍሉን አንደኛ እያሸነፈ በሳቅ ይንከባለላል። የግብረ ገብ አስተማሪያችን ቄስ ግን በመስኮት አይተው ይህ ነገር ቁማር ቁማር ይሸተኛል አሉ። መምህር ደጀኔም ራሳቸው ደስ አላላቸውም፤ ጭንቅላት ቤት ተቀምጦ እጅ ብቻ የሚመጣበት ጨዋታ ትምህርት ቤት ውስጥ ምን ይሠራል አሉና ዛጎሉን ሰብስበው ጥያቄ አመጡ። ቀድሞ የመለሰ ይራመዳል፣ ያልቀደመ ይቆማል። በሦስተኛው ቀን የሚጫወት ጠፋ። የሚያሸንፉት እነዚያው አራት ልጆች ነበሩ፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ልጅ፣ ማለት እኔ፣ የፖሊስ ሻምበሉ ልጅ፣ የስልክ ቤቱ ኃላፊ ልጅና የግምጃ ቤቱ ሹም ልጅ። አራታችንም ከሌላ አገር ተዛውረው የመጡ ሰዎች ልጆች ነበርን። መምህር ደጀኔ እነዚህ አራቱ ጎበዞች ናቸው አሉ። ለምን እነዚህ አራቱ ብቻ ብለው አልጠየቁም። እኛም የሚያስጠይቅ ነገር አላየንበትም።

ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱን የቀላቀሉት። ዛጎሉ ያራምድሃል፤ ከክቦቹ ግን አንዳንዶቹ ቀይ ናቸው፤ ቀይ ላይ ያረፈ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ከመለሰ ይቆያል፣ ካልመለሰ ወዳለፈው ከተማ ይመለሳል። አንዱ ተማሪ ግን ቀይ ላይ ተቀምጦ፣ እያሰብኩ ነው እያለ ደወል እስኪደወል ጨዋታውን ሁሉ አስቆመው። መምህር ደጀኔ አሰቡበትና በማግስቱ ጥያቄውን ጠይቀው ሲያበቁ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ እስከ አሥር መቁጠር ጀመሩ። አሥረኛው ጣት ከታጠፈ መልስ የለም። ጨዋታው ነፍስ ዘራ። እሳቸውም በኩራት፣ ግማሽ ዕድል፣ ግማሽ ጭንቅላት፣ እንግዲህ የሰው ሕይወትም ይኸው ነው ይሉ ጀመር። የሰው ሕይወት ምን እንደሆነ እርግጠኛ የሚኮነው በሃያ አምስት ዓመት ነው።

ያን ሰሞን ለዲሬክተሩ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣላቸው። አንድ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ከአውራጃው ለአንዲት ልጅ ቦታ ይሰጣል። ምግቡ፣ ልብሱ፣ መጽሐፉ ሁሉ ከዚያው ነው። በክፍላችን ሴቶች አራት ነበርን፤ ከአራታችን ሁለታችን አማካይ ውጤታችን በነጥብ ሳይቀር እኩል ነበር። አንዷ እኔ፣ አንዷ ጫልቱ ጉተማ።

ጫልቱ ሦስት ዓመት ሙሉ አብራኝ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠች ጓደኛዬ ነበረች። ከከተማው ወጣ ካለ መንደር በእግሯ ትመጣለች፤ ኦሮምኛዬን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ አማርኛዋንም ከመጽሐፍ ሌላ የተማረችው ከእኔ ነው። የእኔ አባት ቦታው ቢቀርብኝ እንኳ የሚያስተምርበት ሌላ መንገድ አያጣም ነበር። እሷን ግን አባቷ ኦቦ ጉተማ ከስምንተኛ በኋላ አዳሪ ቤት ካልሆነ አላስተምርም ብለዋል፤ መንገዱ ለደረሰች ሴት ልጅ አይሆንም፣ የሚያጫትም ሰው መጥቷል። ይህን ነግራኝ ነበር። ስትነግረኝ እንደ ቀልድ ነው፤ ወይ አዲስ አበባ ወይ ባል ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

ዲሬክተሩ ጨነቃቸው። አባቴ አቤቱታ በመጻፍ የታወቀ ሰው ነው፤ ኦቦ ጉተማ ደግሞ ለትምህርት ቤቱ ጣራ ግንዱን በበሬዎቻቸው ጎትተው ያመጡ ሰው ናቸው። ዕጣ ይውጣ አሉ። መምህር ደጀኔ አይሆንም አሉ፤ የሰው ልጅ ዕድሜ በቁራጭ ወረቀት አይወሰንም፣ ሁለቱንም ያገናዘበ ነገር አለኝ አሉ። ምን እንደሆነ ገብቷችኋል። ዲሬክተሩ ወደዱት፤ ማንም ሰው ሳይመርጥ የሚመረጥበት መንገድ ለሹም ሁሉ ደስ ይለዋል።

ቅዳሜ ጠዋት በስምንተኛ ክፍል አቡጀዲው ተዘረጋ። አባቴ ኮቱን ቆልፎ፣ ኦቦ ጉተማ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ኦቦ ጉተማ አማርኛ አይሰሙም ነበር። ሕጉን ያስረዳቻቸው ልጃቸው ናት። ጥያቄውና መልሱ ሲደርስ እሳቸው የሚያዩት ዛጎሉን ብቻ ነው፤ ዛጎል ማንበብ ግን ይችሉ ነበር፤ አራት ሲወድቅላት ዱላቸውን ከወለሉ ነቅነቅ ያደርጋሉ።

አራት ወደቀላት፤ ደግሞ አምስት፤ ደግሞ አራት። እኔ ጊንጪ አካባቢ አንድና ሁለት እያልኩ ስዳክር እሷ አዲስ ዓለምን አልፋ ሆለታ አፋፍ ላይ ቀይ ክብ ገባች። መምህር ደጀኔ፣ ርዝመቱ አሥራ ስድስት፣ ወርዱ ዘጠኝ ክንድ የሆነ ቦታ ስፋቱ ስንት ነው ብለው ጠየቁና ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

እዚህ ላይ ከአስተማሪዎቹ አንዱም የማያውቀውን፣ እኔ ግን ከሦስት ዓመት የዴስክ ጉርብትና ያወቅሁትን ልንገራችሁ። ጫልቱ በአማርኛ ሒሳብ አትሠራም። ጥያቄውን በአማርኛ ትሰማለች፣ ወደ ኦሮምኛ ታስገባዋለች፣ እዚያ ትሠራዋለች፣ መልሱን መልሳ ወደ አማርኛ ታወጣዋለች። ከባኮ በቆሎ ጭኖ ሲመጣ ሁለት ኬላ ላይ እንደሚፈተሽ መኪና ነው። ጭነቱ ሙሉ ነው፣ መኪናውም ደኅና ነው፣ ኬላው ግን ጊዜ ይወስዳል። በፈተና ላይ ጊዜው ስለሚበቃት ከእኔ እኩል ታገኛለች። የክፍሉ ልጆች እኩሌታ እንደሷ ስለነበሩ ነገሩ ለነሱ እንደ መተንፈስ ነው፤ ተነፈስኩ ብሎ ለአስተማሪ የሚያመለክት የለም። እኔ ግን ከንፈሯን አያለሁ። ኩዳ ጀሃ፣ ሰገል፣ እያለ ሲንቀሳቀስ አየሁት። አሥረኛው ጣት ታጠፈ፤ ወዲያው እሷም አፏን ከፈተች።

"መቶ አርባ አራት።"

መምህር ደጀኔ ከልባቸው አዘኑ። "መልሱ ልክ ነው" አሉ፤ "ጊዜው ግን አልፏል።"

ወደ አዲስ ዓለም ተመለሰች። ዛጎሉ እንደገና አደረሳት፤ ጥያቄው እንደገና መለሳት። ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም ጊዜ መልሱን ታውቀው ነበር፣ ሦስቱንም ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ዘገየች። በሦስተኛው ላይ ቀና ብላ አየችኝ። የለመነችኝ አይመስለኝም። እንዲሁ አየችኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ መምህር ደጀኔ፣ እሷ ላይ ጣት አይቁጠሩባት፣ ወይም በኦሮምኛ ትመልስ። ሰውየው ደግ ነበሩ፤ ሊሰሙኝ ይችሉ ነበር። እኔ ዛጎሉን አነሣሁና ወረወርኩ።

ለእኔ ጥያቄ ሲመጣ በሦስተኛው ጣት እመልሳለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ በአንድና በሁለት መናገሻ ደረስኩ፤ እዚያ የመጨረሻው ቀይ ነበር። ከጊንጪ አጠገብ የሚነሣው አዋሽ መጨረሻው የት ነው አሉኝ። አላውቅም ነበር። ወንዝ ሁሉ ባሕር ይገባል ብዬ የባሕር ስም ብፈልግ አንድም ጠፋኝ፤ ቀይ ባሕር እንኳ ጠፋኝ። ስድስት ጣት፣ ሰባት ጣት። ዝም ብዬ ከምቀር ብዬ፣ የትም አይደርስም፣ በረሃ ውስጥ ይቀራል አልኩ።

መምህር ደጀኔ ከወንበራቸው ተነሡ። ይህን እኮ ብዙ ትልቅ ሰው አያውቀውም አሉ። በሚቀጥለው ውርወራ ቆርኪዬ አዲስ አበባ ሲገባ ወደ ዲሬክተሩ ዞረው፣ በዚያ በቀጭን አንገታቸው ሙሉ ኩራት፣ "አያችሁ" አሉ፤ "ዕድል ለጫልቱ አዳላ። ጭንቅላት ግን አሸነፈ።"

አባቴ ኮቱን ፈታ። ኦቦ ጉተማ ምን ተባለ ብለው ልጃቸውን ጠየቁ። አስቡት፤ መሸነፏንም መተርጐም የነበረባት እሷ ናት። ምን ትበላቸው? ዛጎሉ አልወደቀልኝም እንዳትል ሲወድቅላት በዓይናቸው አይተዋል፤ ያቺ ለተሸናፊ የምትቀርበው በርጩማ ለእሷ ተነሥታባታለች። አውቀዋለሁ ግን ዘገየሁ ብትል ደግሞ፣ የሚያውቅ ሰው ለምን ይዘገያል ይሏታል። አጠገቤ ስለነበረች የነገረቻቸውን ሰማሁ። ጥያቄውን አላወቅሁትም፣ አለች። ኦቦ ጉተማ አቡጀዲውን ትንሽ አዩት፤ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ለሁላችንም ደኅና ዋሉ ብለው ወጡ። እሷም ተከትላቸው ሄደች።

እኔ አዲስ አበባ ገባሁ። ከዚያ በኋላ የሆነልኝ ሁሉ ከዚያ ቅዳሜ የተመዘዘ ነው፤ ትምህርቱ፣ ሥራው፣ ውጭ አገሩ። የሕይወት ታሪክ ጻፊ በተባልኩበት ማመልከቻ ሁሉ ላይ፣ በውድድር ተመርጬ፣ ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም። ውሸት ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ የሚከለክለኝ ባልሆነ ነበር፤ ውሸት ይለመዳል።

ጫልቱን ያየኋት ለረጅም ጊዜ ወደ ውጭ ልሄድ ስል ነው፤ ለውጡ ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው። ከጨዋታው በኋላ በዚያው ዓመት ለዚያ ላጫት ሰው ተድራ፣ ባሏ የጭልሞ ጫካ ጥበቃ ስለሆነ ጊንጪ ይኖሩ ነበር። ከአውቶቡስ ወርጄ ቤቷን ጠየቅሁ። ስታየኝ ሳመችኝ፤ ደጋግማ ሳመችኝ፤ ወፍራለች፣ እጇ ሻክሯል፣ ሳቋ ያው ነው። አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥን ነበር። ወንበሩን እየጠረገች ስለ ባሏ፣ ስለ ጎረቤት፣ ባለፈው ጥር ስለሞቱት ስለ ኦቦ ጉተማ አወራችኝ። እኔ ግን የመጣሁት አንድ ነገር ለመስጠት ነበር። ከቦርሳ የሚወጣ ነገር አይደለም። በርጩማዋን ልመልስላት ነው የመጣሁት። ስለዚያ ቅዳሜ አነሣሁና፣ ምን ታደርጊዋለሽ፣ ሁሉም ዕድል ነው አልኳት።

መጥረጊያ ጨርቁን ይዛ ቆመች። አልተቆጣችም።

"ኧረ ሶስና፣ ዛጎሉማ ለእኔ ነበር የወደቀው" አለች። "አጠገቤ አልነበርሽም እንዴ?"

እኔም አጠገቧ እንደነበርኩ አልካድኩም።

የአምስት ዓመት ልጅ ነበረቻት፤ ለምለም ትባላለች፤ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። ለልጅቱ ሰላምታ በኦሮምኛ ስጀምር ጫልቱ ቶሎ እጄን ያዘችኝ። "ተይ፣ ለእሷ በአማርኛ አውሪያት። በአማርኛ ብቻ ነው የማሳድጋት፤ ከጎረቤት ልጆች ጋርም አላገናኛትም። ስትጠየቅ እንዳትዘገይ።" ይህን ያለችው ልጄ ክትባት ወስዳለች እንደሚባለው ነው፣ በዚያው ድምፅ። ከዚያ እንጨት ልጨምር ብላ ወደ ጓሮ ወጣች።

ጥጉ ላይ መደብ ላይ እናቷ ተቀምጠው ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መንደሩ ከብዷቸው ወደ ልጃቸው ከመጡ ሳምንት አልሆናቸውም፤ የሚያውቁት ኦሮምኛ ብቻ ነው። ጉልበታቸውን ያሻሉ። ልጅቱ ቀረብ አለችና፣ "አኮ፣ እግርሽን ያምሻል?" አለቻቸው። ከአያቷ ቋንቋ የምታውቀው ያቺን አንዲት ቃል፣ አኮ፣ አያቴ የምትለዋን ብቻ ነበር። አሮጊቷ ፈገግ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ምን አለችኝ አሉኝ በኦሮምኛ። ነገርኳቸው። የመንገድ ድካም ነው፣ ይለቀኛል በያት አሉኝ። ነገርኳት። እንዲህ እየሆንን ትንሽ ተጫወትን፤ አያትና የልጅ ልጅ፣ በመሐላቸው እኔ።

አሮጊቷ ደስ ብሏቸው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "አባቷ ነግሮኛል፤ ያን ጊዜ ጥያቄውን ያወቅሽው አንቺ ነሽ፣ የኛዋ አላወቀችውም። ዋቃ ለአንቺ ጭንቅላት ሰጠሽ፤ ለልጄ ዕድል ብቻ ሰጣት።"

ከጓሮ የእንጨት መፍለጥ ድምፅ ይሰማል። ለዚህ መልስ ነበረኝ፤ በሁለቱም ቋንቋ ነበረኝ፤ የሚቆጥርብኝም ሰው አልነበረም።

ልጅቱ ቀሚሴን ሳብ አደረገች። "አኮ ምን አለች?"

እግሬ ተሽሎኛል ነው ያለችው፣ አልኳት።